«ምንም የለም»ን የማያምኑት አከራይ

ሐሙስ፣ ሜይ 24 ቀን 2018። የግቢያችን አጥር ከበሩ እስከ በርች ዛፉ ድረስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከዛፉ ወዲያ ያለው ገና ግራጫ እንጨት ነው። ብሩሹ ውሃ ባልዲ ውስጥ ቆሟል፤ ከአጠገቡ ቀቢዋ የሚቀመጡበት ሣጥን ተገልብጦ ይታያል። ቀቢዋ አከራያችን ክብርት ወይዘሮ ኢርያ ኩይቫላ ናቸው። «አሁን መጣሁ» ብለው ከሣጥኑ ተነሡ፤ አጥሩም እንደዚያው ቀረ።

ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት አከራይ ያውቃል። አንደኛው ኪራይ መክፈያ ሲደርስ ከመሬት የሚበቅል ነው። ሁለተኛው ቧንቧ ሲፈነዳ መሬት የሚውጠው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ሦስተኛውን ዓይነት ያየ ግን ጥቂት ነው፤ ተከራዮቹ የቤታቸውን ጉድለት ደብቀው ሲሸሹት፣ ካቻቢቴ ይዞ የሚያሳድዳቸውን ማለቴ ነው። እኔ አይቻለሁ። ስማቸውም ከላይ ተጽፏል።

በሌላው ዓለም አከራይ እግዜርን የሚለምነው ጸጥተኛ ተከራይ እንዲሰጠው ነው። እዚህ ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ከተማ ግን አከራይን የሚያደኸየው ጸጥተኛው ተከራይ ነው። ጯሂ ተከራይ ያለው ሰው ቢያንስ ቤቱ ምን እንደጎደለው ያውቃል። የእኛ ሰው ግን ይሉኝታ አብሮት የተወለደ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ እሳት አጥፊዎቹ ምሳቸውን በልተው እንደሆነ ያስባል፤ ካልበሉ ትንሽ ይጠብቃቸዋል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይባላል። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም። ውሃ ግን ወለል ውስጥ ይገባል።

ወይዘሮ ኢርያ ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው። ፒስፓላ ኮረብታ ላይ፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል፣ ከሟች ባለቤታቸው ጋር ከጫማ ፋብሪካ ደመወዝ እየቆጠቡ የገዙት የእንጨት ቤት አላቸው። ቤቱ አራት መኖሪያ አለው። በአንዱ እሳቸው ይኖራሉ፣ ሦስቱን ያከራያሉ። አሁን እኔ ባለሁበት ፎቅ ከእኔ በፊት አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ ኪራዩን ከቀኑ አስቀድሞ የሚከፍል፣ አከራይ ሁሉ የሚመኘው ዓይነት። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ማፍሰስ ሲጀምር ባልዲ ደቀነበት። ባልዲው ሲሞላ ደፋው፤ መልሶ ደቀነው። ከመጀመሪያው በረዶ እስከ መጨረሻው በረዶ እንዲህ ሲደፋና ሲደቅን ከርሞ፣ አንድ ቀን ቁርሱን ሊበላ ሲቀመጥ የወንበሩ እግር ወለሉን በስቶ በታችኛው ቤት ጣሪያ በኩል ብቅ አለ።

ታችኛው ቤት የሚኖረው ኤስኮ ነው። በወረቀት ፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ ሲገጣጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከጣሪያው የወንበር እግር ወርዶ ሲያይ ምን አደረገ? ኮቱን ሰቀለበት። ይህን ወሬ ፒስፓላ ውስጥ ያልሰማ የለም። እኔ ግን ሥራዬ በከተማው ቤተ መዛግብት ሰነድ መጠበቅ ስለሆነ ያላረጋገጥኩትን መጻፍ አልወድም። ኤስኮን ራሱን ጠየቅሁት። በጣም ተቆጣ።

«ነጭ ውሸት ነው!» አለኝ። «ኮት አልነበረም። ኮፍያ ነው።»

ወለሉ በአዲስ ሲሠራ ወይዘሮ ኢርያ መምህሩን «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ጠየቁት። «ኧረ ምንም የለም ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ምንም የለም» የሚለውን ቃል ከተከራይ አፍ ሰምተው አምነው አያውቁም። «‹ምንም የለም› ማለት ብዙ አለ ማለት ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ሲሰማ የሞኝ ፈሊጥ ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ያየ ግን ባርኔጣውን ያወልቃል።

ጥበባቸው እንዲህ ነው። ሰውን «ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ይታወቃል። ሰውን መክሰስ ነው። የእኛ ሰው ለራሱ አቤት ማለት ያፍራል እንጂ በሐሰት ሲወነጀል ግን ዝም ማለት አይችልም። ስሙን ለማጥራት ሲል እውነቱ ያመልጠዋል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት እዚህ በገባሁበት ዓመት፣ ጃንዋሪ ውስጥ ነው። ሐይቁ በረዶ ሠርቶ መኪና ይሄድበት ነበር። ደረጃው ላይ ነበርኩ። ወይዘሮ ኢርያ ሽርጣቸውን ታጥቀው የኤስኮን በር በመዳፋቸው ደበደቡት።

«አንተ ኤስኮ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ምን በደልኩህና ነው እንዲህ የምታቃጥለኝ?»

«እኔ?»

«አዎ አንተ! ማሞቂያህን እስከ ጥግ ከፍተህ በግድግዳው በኩል እንደ ዳቦ ትጋግረኛለህ። በላብ አለቅሁ እኮ!»

«እትዬ፣ ይሄ እንኳን ሊሆን አይችልም።»

«ውሸታም ነሽ በለኛ!»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! ግን እኮ ማሞቂያው ከሴፕቴምበር ጀምሮ...» ኤስኮ አፉን ያዘ። ዘግይቷል።

«ከሴፕቴምበር ጀምሮ ምን?»

«እምብዛም... አይሞቅም።»

«እምብዛም?»

«በረዶ ሆኗል። ግን ምንም የለም፣ እትዬ። ካፖርት አለኝ።»

እውነትም ለብሶታል። አንገቱ ድረስ ቆልፎታል። ወይዘሮ ኢርያ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ዕድሜህን ሙሉ ቧንቧ ስትፈታ የኖርክ ሰው አንድ ማሞቂያ አቃተህ?»

«የእኔ አይደለማ! የሰው ንብረት ዝም ተብሎ ይነካል?»

«እንግዲያው ለባለቤቷ አይነገራትም?»

«ላስቸግርዎ አልፈለግሁም።»

«ስማኝ፣ አንተ ሰው» አሉ፤ ጣታቸውን ደረቱ ላይ ተክለው። «ተከራይ አቤት ይላል፤ አከራይ ትጠግናለች። ዓለም የቆመችው በዚህ ነው። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር ዓለሙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።»

ከሽርጣቸው ኪስ መፍቻ አወጡ። ማሞቂያው ውስጥ የታፈነው አየር እየተነፈሰ ወጣ፤ ቤቱም ሞቀ። ኤስኮ ግን ካፖርቱን አላወለቀም። እንግዳ እስኪሄድ ድረስ ማውለቁ ነውር መስሎት ነው።

እኔም ከዚህ ወጥመድ አላመለጥኩም። ኦክቶበር ላይ የመኝታ ቤቴ መስኮት አልገጥም ቢለኝ ስንጥቁን በሱፍ ሻርፕ ወትፌ ዝም ብዬ ነበር። ወይዘሮ ኢርያ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«እመት መዝገብ!» ስሜ ይህ አይደለም፤ ሥራዬን ካወቁ ወዲህ ግን ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «የቤቱን ሙቀት በመስኮት እያወጣሽ ሐይቁን የምታሞቂው ዓሣው አዘዘሽ?»

«እኔ መስኮት ከፍቼ አላውቅም!»

«መጋረጃሽ ሲውለበለብ ከመንገድ ይታያል።»

«መስኮቱ አልዘጋ ብሎኝ ነው እንጂ እኔ...»

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አያስፈልግም። ካቻቢቴው ቀድሞ እጃቸው ላይ ነበር። በኋላ ሳስበው መጋረጃ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረኝም።

በአፍ ያልተያዘ ዓርብ ዓርብ ግቢው ውስጥ ባለው ሳውና ይያዛል። መጀመሪያ ሴቶቹ እንገባለን፤ ኤስኮ ከእኛ በኋላ ብቻውን ይገባል። ሰው ሳውና ውስጥ ልብሱን ሲያወልቅ ይሉኝታውም ግማሹ አብሮ ይወልቃል፤ የቀረውን ግማሽ ወይዘሮ ኢርያ በጭልፋ ያወልቁታል። ከላይኛው ደርብ ላይ እንደ ዳኛ ተሰይመው፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ረጨት እያደረጉ ይጠይቃሉ። ፒያ የምትባል የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ከሌሎቻችን በኋላ ነው የተከራየችው፤ የመጀመሪያ ዓርቧን አልረሳውም።

«ከመስኮት ውጭ ደፉ ላይ ቆሞ የሚያድረው ወተት የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ፒያ። «ንጹሕ አየር ይወዳል።»

ድንጋዩ ተንጣጣ፤ እንፋሎቱ ጆሯችንን ላጠን።

«ቅቤውስ?»

«ቅቤውም... ወተቱን ብቻውን መተው አልፈለገም።»

ሌላ ጭልፋ። ፒያ ራሷን ጉልበቶቿ መካከል ቀበረች። ወይዘሮ ኢርያ ባልዲውን ጠጋ አደረጉት።

«ፍሪጁ ሞቷል!» ብላ ጮኸች ፒያ። «ከገባሁ ጀምሮ ሞቷል! ይቅርታ! ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

«ነፍሱን ይማር» አሉ ወይዘሮ ኢርያ፤ ጭልፋውንም አስቀመጡ። ሰኞ ዕለት ሌላ ፍሪጅ መጣ። ያን ዓርብ ሳውናው በር ላይ ቋሊማ እየበላን ፒያ በሹክሹክታ «እኝህ ሴትዮ ቀድሞ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጫማ ሰፊ ነበሩ አልኳት። አላመነችኝም።

የወንድማቸው ልጅ ታፒዮ ሄልሲንኪ ይኖራል፤ የኮምፒውተር ሰው ነው። አክስቱ በዚህ ዕድሜያቸው ደረጃ እየወጡ በር መደብደባቸው አሳዘነውና፣ ተከራይ ብልሽት የሚያስታውቅበት የስልክ መተግበሪያ ሠራላቸው። ሁላችንም ስልካችን ላይ ጫንን። ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ታፒዮ ደስ ብሎት መጣ።

«አክስቴ፣ አንድም አቤቱታ የለም! ቤቱ እንከን የለሽ ነው!»

ወይዘሮ ኢርያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ። «አንድም?»

«አንድም።»

«በል ተነሥ» ብለው ሽርጣቸውን ታጠቁ። «ይህን ያህል ዝም ካሉማ ቤቱ ሊወድቅ ነው።» ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ ሦስታችንንም ከሰሱን። ከሦስታችንም ቤት የተበላሸ ነገር ተገኘ። ታፒዮ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ከኋላቸው እየተከተለ ሲሄድ፣ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ የማይታይ መደነቅ ነው።

አልፈርድበትም። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኜ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ኢርያ የእግራችንን ኮቴ ሰምተው ቤታችን እንደቀዘቀዘ የሚያውቁ፣ ሰላምታችን ሲያጥር ቧንቧችን እንደተደፈነ የሚገባቸው ሰው ነበሩ። በእኔ ሙያ የተጻፈውን እንጠብቃለን። እሳቸው የሚጠብቁት ያልተባለውን ነው፤ ላልተባለ ነገር ደግሞ መደርደሪያ የለም።

ከዚያ ያ የመጨረሻው የበረዶ ወራት መጣ፤ ወይዘሮ ኢርያም መክሰስ አቆሙ።

መጀመሪያ ዕረፍት መሰለን። ከገና በኋላ ግን ግራ ገባን። አንድ ፌብሩዋሪ ጧት ሦስታችን ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ ተገናኝተን ደግሞ ቆምን። በዚህ ቤት ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ አያወራም።

«ሰሞኑን...» አለ ኤስኮ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «ተከሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም። አንተስ፣ ጋሽ ኤስኮ?»

«ከገና ወዲህ ማንም ምንም አላለኝም።»

«እኔ ሆን ብዬ በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት» አለች ፒያ። «ሁለት ጊዜ። ዝም አሉ።»

ከዚያ ፒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያየችውን ነገረችን። ወይዘሮ ኢርያ ደረጃው መካከል ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲመጣ የእጅ መደገፊያውን የሚያዩ ይመስላሉ። እግራቸው አብጧል። ከንፈራቸው ይጠቁራል። «ይሄ ልብ ነው» አለች። «በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ምንም የለም› አሉኝ።»

ያ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ቤቱ ሲሰነጠቅ የሰማን ያህል ነበር።

«ካልታዩ ጸደይን አያዩም» አለች ፒያ። «በግድ ላስገድዳቸው አልችልም። አሞኛል ማለት ያለባቸው ራሳቸው ናቸው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ የተደበቀን ማውጫ አንድ መንገድ ብቻ ነው የምናውቀው፤ እሱንም የተማርነው ከእሳቸው ነው። በዕድሜያችን ማንንም ከስሰን የማናውቅ ሦስት ሰዎች ወይዘሮ ኢርያ ኩይቫላን ልንከስ ተነሣን።

እኔ ቀደምኩ። በራቸውን አንኳኳሁ። «ወይዘሮ ኢርያ፣ ራዲዮዎ አላስነብብ አለኝ።»

«ራዲዮ የለኝም፣ እመት መዝገብ።»

«እንግዲያው... ቴሌቪዥኑ።»

«ሄደሽ ተኚ፣ ልጄ።»

ፒያ ድመትዎ ጫማዬን ቧጨረው አለች። ድመት ኖሯቸው አያውቅም። «ዛሬ ምን ነካችሁ?» ብለው በሩን ዘጉባት። ሁለታችን ተሸንፈን ወደ ኤስኮ ዞርን። ኤስኮ ነጣ። ሰው ሊሰቀል ሲሄድ እንደሚራመድ ተራምዶ ወጣና አንኳኳ። እኔና ፒያ ከታች ሆነን እንሰማለን።

«እትዬ» አለ። «የምድጃዎ ጭስ ቤቴን ሞላው። ዓይኔን አጠፋኝ። እንዴት ያለ... እንዴት ያለ ጉርብትና ነው ይሄ?»

«ምን አልክ አንተ?»

«ማገዶ እንደ ጉድ እየማገዱ በጭስ ፈጁኝ ነው የምል!»

«ምን ያለ ዓይን ያወጣ ውሸታም ነህ! የምን ማገዶ? ምድጃዬ እንኳን ሊጨስ ከኖቬምበር ጀምሮ...»

ኤስኮ ኮፍያውን አወለቀ። «ከኖቬምበር ጀምሮ ምን?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ከበሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ልቅሶ መስሎኝ ሁለት ደረጃ ወጣሁ። ሳቅ ነበር። ወይዘሮ ኢርያ የበሩን መቃን ይዘው ይስቃሉ። «በገዛ ወጥመዴ!» ይላሉ። «ይሄ ኮፍያ ሰቃይ! በገዛ ወጥመዴ!» ሳቁ ትንፋሻቸውን ወሰደውና ፒያ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

ቤቱ ውስጥ ስንገባ ትንፋሻችን ይታይ ነበር። የእሳቸው ቤት የሚሞቀው በማገዶ ምድጃ ብቻ ነው፤ ፍልጥ ማንሣት ደግሞ ካቃታቸው ቆይቷል። ሲተኙ ስለሚያፍናቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት።

«እንዲህ ባለ ብርድ?» አልኩ።

«ካፖርት አለኝ» አሉ ወይዘሮ ኢርያ። ይህን ብለው ኤስኮን አዩት፤ ኤስኮም አያቸው።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች ፒያ።

«እኔ አከራይ ነኝ። አከራይ ለተከራይ አቤት ይላል እንዴ?»

«ይላል» አለ ኤስኮ። ወጥቶ ሄደ፤ ሲመለስ ሁለቱም ክንዱ ሙሉ ፍልጥ ነበር።

በማግስቱ ፒያ ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው። ልባቸው አርጅቷል፤ መድኃኒቱ እብጠቱን ያጎድላል፣ ትንፋሹን ያቀላል፣ ልቡን ግን አዲስ አያደርገውም። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ተስፋ ሰጠን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተናገረም፤ እኛም ላለማስቸገር አልጠየቅነውም።

የማገዶው ነገር ደግሞ በክስ ተፈጸመ። ይሉኝታቸውን ስለምናውቅ «ላምጣልዎ» አንልም። «ይህ ፍልጥ በሬ ላይ ምን ይሠራል? መንገድ ዘጋብኝ!» እያልን ተሸክመን እናስገባለን። ተነጋግረን ተራ ስላልገባን አንዳንድ ጧት ሦስታችንም እኩል እንደርስ ነበር። «ቤቴን ሳውና አደረጋችሁት!» ብለው ይጮሃሉ ወይዘሮ ኢርያ። «ተከራይ ነው ወይስ መዓት ነው የላከብኝ?» ጉንጫቸው ግን ቀልቷል፤ አልጋቸው ላይም ይተኛሉ። ማርች ውስጥ አንድ ቀን እኔን በሐሰት ከሰሱኝ። ጫማሽን ሳትጠርጊ ትገቢያለሽ አሉኝ። ቤቴ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ፋሲካ አለፈ። በረዶው ቀለጠ። ሜይ እንደ ጁላይ ሞቀ፤ ወይዘሮ ኢርያም ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው አጥሩን መቀባት ጀመሩ። እንቅባልዎ ብንል «አጥር የአከራይ ነው» ብለው ከለከሉን።

በዚያ ሐሙስ ያረፉትን ወይዘሮ ኢርያን ከቀበርን በኋላ ኤስኮ ሳውናው ደጃፍ ላይ ፒያን አስቆማት። ሲናገር መሬት መሬት ያያል።

«ያን ዕለት ባልጠራቸው ኖሮ... ቁልቁለቱን ባይወርዱ...»

«ጋሽ ኤስኮ፣ ቁልቁለቱ አይደለም። ልባቸው ሥራውን ጨርሶ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ የኖሩት ትርፍ ነው።» ከዚያም ጠየቀችው። «ለመሆኑ ያን ዕለት እንዴት ሆነው ነበር?»

ኤስኮ አሰበ። «እያፏጩ ነው የወረዱት» አለ።

ቤቱ አልተሸጠም። አከራያችን አሁን ታፒዮ ነው። መተግበሪያውን ትቶታል፤ ከሄልሲንኪ ይደውልና ገና ስልኩን ስናነሣ «ማን ነው እዚያ ሙዚቃ የሚያስጮኸው?» ብሎ ይጀምራል። ገና ብዙ ይቀረዋል፤ አመሉ ግን ጥሩ ነው። አጥሩ እንደነበረ አለ። ሦስታችንም መቀባት እናውቃለን፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን ሌላው ሊጀምር አስቦ ይሆናል ብለን ቦታ እንለቃለን። ባልዲው ውስጥ ውሃ ሲያንስ አንዳችን ይሞላል። ማን እንደሆነ አልጠየቅንም።

የሐሙሱ ነገር እንዲህ ነበር። ሥራ ላይ ስለ ነበርኩ የምጽፈው ኤስኮ የነገረኝንና የመሣሪያ ሱቁ ባለቤት የነገረኝን አገናዝቤ ነው፤ የሁለቱ ቃል ይስማማል።

ወይዘሮ ኢርያ አጥሩን እየቀቡ በርች ዛፉ ጋ ሲደርሱ ኤስኮ ከቤቱ ወጥቶ መጣ። ኮፍያውን አውልቋል። እንደ ወትሮው ከተጠየቀ በኋላ ሳይሆን፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«እትዬ፣ አቤቱታ አለኝ።»

ወይዘሮ ኢርያ ብሩሹን እንደያዙ ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«ቧንቧዬ ያንጠባጥባል። የወጥ ቤቱ። አስቸግሮኛል።»

«አስቸግሮሃል?»

«በጣም።»

ብዙ አዩት። «ቧንቧ ሠራተኛ አይደለህም እንዴ አንተ?»

«እኔ ተከራይ ነኝ» አለ ኤስኮ።

ወይዘሮ ኢርያ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አቆሙት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ኤስኮ ጎማውን ከሱቅ ወርጄ ላምጣልዎ ቢላቸው «ተከራይ አቤት ይላል፤ አከራይ ትጠግናለች» አሉና፣ አሁን መጣሁ ብለው ከኮረብታው ወደ ሱቁ የሚወስደውን ረጅም ደረጃ እያፏጩ ወረዱ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ነበሩ፤ ተራቸው ሲደርስ የቧንቧ ጎማ ጠየቁ። ባለ ሱቁ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቃቸው «ተከራዬ አቤት ብሎብኝ ነው» ብለው ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ። ጎማዋን ሽርጣቸው ኪስ ከተው በአውቶቡስ ወደ ላይ ተመለሱ።

ኤስኮ ወንበር አቀረበላቸው፤ ተቀምጠው ሠሩት። ውሃውን ዘጉ፣ ቧንቧውን ፈቱ፣ ያረጀችውን ጎማ አውጥተው አዲሷን አስገቡ፣ መልሰው አጠበቁ። ኤስኮ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጊዜም አላረማቸውም። ውሃውን ከፈቱ። ሁለቱም ቧንቧው አፍ ላይ አፈጠጡ። ጠብታ የለም። ጠበቁ። አሁንም የለም።

«ሌላስ ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ኢርያ።

«ምንም የለም» አለ ኤስኮ።

ዓይን ዓይኑን አዩት፤ አመኑትም። መፍቻቸውን ኪሳቸው ከተው ትንሽ ልረፍ ብለው ወጡ።